ገጽ እና ባሕርይ፤ ስማቸውን ሳናውቅ ስለማንረሳቸው ተዋንያን

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ሰቆጣ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ)



ስለ ተዋንያን እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ ከአዘጋጆቹ አንዱ «ስለ የትኞቹ ዝነኞች ሊነግሩን ነው?» አለኝ። «ስለ ዝነኞቹ አይደለም፤ ከዝነኞቹ ጎን ስለሚቆሙት ነው» አልሁት። የምናገረው በር ስለሚከፍተው ዘበኛ፣ ልጇን በደጅ ስለምትጠብቀው እናት፣ ስለ ክፉው ባለጸጋ፣ እብድ ስለሚባለው ብልህና ከገጠር ስለመጣው አጎት ነው። ፊልሙ አልቆ ስንወጣ የፍቅሩን ታሪክ እንረሳና እነርሱን ይዘን ወደ ቤታችን እንገባለን። ስማቸውን ግን ብዙ ጊዜ አናውቀውም።

ነገሩ ቀላል የጨዋታ ርእስ ይመስል ይሆናል። ለእኔ ግን ቀላል አልሆነልኝም። ምክንያቱን በሁለት የልጅነትና የወጣትነት ትዝታ ላስረዳ። አንደኛውን አሁን እነግራችኋለሁ፤ ሁለተኛውን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የተወለድሁትም ያደግሁትም ከዚህ ከተማ ወደ ተከዜ በሚወርደው ቆላ፣ አማርኛና ኽምጣጛ ጎን ለጎን በሚነገሩበት በዝቋላ ነው። በመንደራችን ቴሌቪዥን አልነበረም፤ አንድ ሬዲዮ ግን ነበር። ባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ቀን ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ማታ ጥቂት ነፍስ ይዘራል። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲያነብብ የሰማነው ደጋግሞ በተላለፈው የኢትዮጵያ ሬዲዮ ዝግጅት፣ በዚያች በምትቆራረጥ ነፍስ ነው።

ከአድማጮቹ ሁሉ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችንን አልረሳም። የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ኽምጣጛ ነበር፤ አማርኛውን የለመዱት በገበያና በቤተ ክርስቲያን ነው። በዛብህና ሰብለ ወንጌል ሲነጋገሩ ጋቢያቸውን ተከናንበው ጸጥ ይላሉ። ጉዱ ካሳ ሲመጣ ግን ቀና ብለው ይቀመጣሉ። አንድ ማታ «ይህን ሰው አውቀዋለሁ» አሉ። አባቴ ስቆ «ነገሩ እኮ ጎጃም ነው፤ የት ያውቁታል?» ቢላቸው፣ «ጎጃም ይሁን፤ እኛም ጋ አለ። እውነት ስለተናገረ እብድ የተባለ ሰው የሌለበት አገር የታለ?» አሉት።

«አውቀዋለሁ» የምትለውን ቃል ያዙልኝ። የዛሬው ንግግሬ እርሷን ለመተንተን የሚደረግ ሙከራ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ስያሜው። እነዚህን ተዋንያን በአማርኛ ብዙ ጊዜ «ረዳት ተዋናይ» ወይም «አጃቢ» እንላቸዋለን። ሁለቱም ቃላት ሥራቸውን ከሌላ ሰው ሥራ አንጻር ይለካሉ፤ የሚረዱት፣ የሚያጅቡት ዋና ሰው አለ ማለት ነው። አጃቢ ጌታውን ተከትሎ የሚሄድ ነው፤ ጌታው ከሌለ እርሱም የለም። የቋንቋችን ሌላ ቃል ግን ከዚህ የተሻለ ነገር ይዟል፤ እርሱም «ገጸ ባሕርይ» ነው። ቃሉ ገጽንና ባሕርይን አጋጥሞ የያዘ ነው። ገጽ የሚታየው ነው፤ ልብሱ፣ አነጋገሩ፣ አካሄዱ፣ ጢሙ። ባሕርይ የማይታየው ነው፤ ሰውየው የሚፈራው፣ የሚያፍርበት፣ የሚመኘው፣ ለማንም የማይናገረው። ገጹን ብቻ ያመጣ ተዋናይ ግማሽ ሥራ ሠርቷል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በገጹ በኩል ባሕርዩን ያሳየን ተዋናይ ግን «አውቀዋለሁ» ያሰኘናል። የምናደንቃቸውን ተዋንያን በዚህ ሚዛን እንድንመዝናቸው እፈልጋለሁ።

በዚህ ሚዛን ስንጀምር የወጋየሁ ንጋቱ ሥራ አስደናቂ ነው። ወጋየሁ የመድረክ ሰው ነበር፤ ገጽ ያለው፣ አካል ያለው ተዋናይ። በሬዲዮው ትረካ ግን ገጹን ሁሉ ተነጥቆ ገባ። ልብስ የለም፣ ብርሃን የለም፣ እጅ የለም። አንድ ድምፅ ብቻ ይዞ ሽማግሌውንም፣ ወጣቷንም፣ ባላባቱንም፣ አገልጋዩንም መሆን ነበረበት። በእኔ ትዝታ ፊታውራሪ መሸሻ ሲናገሩ ቃሉ መልስ እንደማይጠብቅ ሰው ቃል ከላይ ይወርድ ነበር። የጉዱ ካሳ ቃል ደግሞ መልሱን አስቀድሞ የሚያውቅ፣ የሚሰማው ሰው እንደሌለም የሚያውቅ ሰው ቃል ነበር። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ነበር፤ ነገር ግን ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ ጉዱ ካሳ የተወለደው በወጋየሁ ጉሮሮ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም። ልብ በሉ፤ ጉዱ ካሳ የታሪኩ ዋና ሰው አይደለም። ፍቅረኞቹ ሌሎች ናቸው። ዛሬ ግን አንድ ሰው እውነቱን አፍርጦ ሲናገር «ጉዱ ካሳ» እንለዋለን።

ሁለተኛው ምሳሌዬ ብዙዎቻችሁን ያስገርም ይሆናል፤ አባባ ተስፋዬ ናቸው። ተስፋዬ ሣህሉ በ1915 ዓ.ም. በባሌ ተወልደው፣ በመድረክ አድገው፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር የልጆችን ዝግጅት ይዘው ብቅ ያሉ ሰው ናቸው። ከዚያ በፊት በነበረው ዘመን ሴቶች ወደ መድረክ መውጣታቸው እንደ ነውር ይታይ ስለነበር፣ የሴት ገጸ ባሕርይ ከተጫወቱት ወንዶች አንዱ እርሳቸው ነበሩ። ይህን እንደ ቀልድ አንለፈው። የእናትን ወይም የሙሽራን ሚና የሚጫወት ወንድ ድምፁን አቅጥኖ፣ ነጠላ ተከናንቦ ሰውን ማሳቅ ይችላል፤ ያ ገጽ ነው። ሚናውን እስከ መጨረሻው ተሸክሞ ተመልካቹ ሳቁን እንዲተው ማድረግ ሌላ ነገር ነው። ኋላ ከእነ አስናቀች ወርቁ ጋር ሴቶች መድረኩን ሲረከቡ ያ አስገዳጅ ትምህርት አበቃ፤ ተስፋዬ ሣህሉ የተማሩት ግን አብሯቸው የቀረ ይመስለኛል። በልጆቹ ዝግጅት ተረት ሲነግሩ ጅቡም ዝንጀሮውም ጦጣዋም ራሳቸው ነበሩ፤ እያንዳንዱ እንስሳ የራሱ ጥጋብና የራሱ ፍርሃት ነበረው። «አባባ» የሚለው ሰውም ራሱ የተፈጠረ ገጸ ባሕርይ ነው። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ያዘነው ትውልድ የቀበረው አንድ የቴሌቪዥን አቅራቢ ብቻ አልነበረም፤ በርቀት ያሳደገውን አያት ነበር።

ከዚህ ወደ ክፉው ሰው እንሻገር። የክፉ ሰው ሚና ለተዋናይ ወጥመድ ነው። መጮህ፣ ዓይን ማፍጠጥ፣ ጠረጴዛ መምታት ቀላል ነው፤ ተመልካቹም ወዲያው ይጠላዋል፣ ወዲያውም ይረሳዋል። «ሰው ለሰው» በተሰኘው የቴሌቪዥን ድራማ አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ያልተረሳው በዚህ መንገድ ስላልሄደ ነው። አበበ ከመድረክ የመጣ አንጋፋ ነው፤ በመድረክ የሚያስፈልገውን ድምፅ በካሜራ ፊት እንዴት መቆጠብ እንደሚገባ ያውቃል። አስናቀ ሲቆጣ ይረጋጋል። ሲያስፈራራ በትሕትና ይናገራል። ይህን ዓይነቱን ሰው ደግሞ እናውቀዋለን፤ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየገበያው፣ አንዳንዴም በየዘመዱ መካከል አለ። ድራማው በሚታይበት ሰሞን ሰዎች የአስናቀን ክፋት እያወሩ በዚያው አፋቸው ተዋናዩን ያደንቁ ነበር። ጥላቻና አድናቆት በአንድ አፍ ሲገናኙ ተዋናዩ ባሕርዩ ድረስ ገብቷል ማለት ነው።

አሁን ወደ ሲኒማ፣ ለእኔም ወደሚቀርበኝ ወደ ደጋና ቆላው ሰው ልምጣ። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እ.ኤ.አ. በ1976 ለዕይታ የበቃ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። በባላባቱ መሬት ላይ የሚደክም የገበሬ ቤተሰብ ታሪኩ መሐል አለ። ዳር ላይ ደግሞ ከበበ የሚባል፣ መሬቱን የተነጠቀ፣ እንደ እብድ የሚቆጠር ሰው ይዞራል። ባላባቱን በአደባባይ የሚናገረው እርሱ ነው። ጉዱ ካሳና ከበበ ወንድማማች ናቸው፤ አንዱ ከመጽሐፍና ከሬዲዮ፣ ሌላው ከሲኒማ። ሆኖም ከበበ የጉዱ ካሳ ቅጂ አይደለም። ጉዱ ካሳ ከባላባቶቹ ወገን ሆኖ ሥርዓታቸውን የሚተች የተማረ ሰው ነው፤ ከበበ የተራበ ሰው ነው፤ ንግግሩም ከሆዱ ይወጣል። «ብልህ እብድ» የሚለው ዓይነት አንድ ነው፤ ሰዎቹ ግን ሁለት ናቸው። ዓይነቱን ወደ ሰው መለወጥ የተዋናዩ ሥራ ነው።

ከሠላሳ ሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ»ን አወጣ። ፊልሙ በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በቀጣዩ ዓመት በዋጋዱጉ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት አገኘ። ስለ ፊልሙ ሲጻፍ ብዙ የሚነሣው ከውጭ አገር የተመለሰው ምሁር አንበርብር ነው፤ ተገቢም ነው። እኔ ግን ዓይኔን ከእናቱ ላይ ማንሣት አልችልም። እናቱን የተጫወተችው ታከለች በየነ ናት። ልጇ ከብዙ ዓመት በኋላ አካሉም አእምሮውም ተጎድቶ ይመለሳል፤ የሆነውን አይናገርም፤ እርሷም አትጠይቀውም። የአገራችንን እናት በፊልም ስናይ አብዛኛውን ጊዜ ታለቅሳለች፤ ደረት ትመታለች። ይህች እናት ታየዋለች። ሊያወራ የማይችለውን ሰው እንዴት እንደሚጠብቁት ታውቃለች። እኔ እናቴን በፊልም አይቻት አላውቅም፤ በ«ጤዛ» ውስጥ ግን አየኋት።

ወደ ሁለተኛው ትዝታዬ እዚህ ላይ ልመለስ።

ተማሪ ሆኜ አዲስ አበባ ሳለሁ፣ አንድ ምሽት በመኝታ ቤታችን አዳራሽ ተሰብስበን ቴሌቪዥን እናያለን። በድራማው ውስጥ አንድ ባላገር ገባ። ቁምጣ ለብሷል፤ ዱላ ይዟል፤ በሩን እንዴት እንደሚከፍተው አያውቅም፤ ሶፋው ላይ ሲቀመጥ ይደነግጣል፤ ሲናገር ቃላቱን እየጎተተ፣ አፉን እየከፈተ ነው። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ፤ አልዋሻችሁም። ከዚያ ከፊቴ የነበሩት ጓደኞቼ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ «ያንተ አገር ሰው» ማለታቸው ነበር። የአጎቴ ዱላ፣ የአባቴ ቁምጣ፣ የእናቴ ቅላጼ በዚያች ቅጽበት በሰው ሁሉ ፊት ተዘርግተው የሚያስቁ ሆኑ። የሽማግሌው ጎረቤታችን ቃል ትዝ አለኝ። ያንን ሰው አላወቅሁትም። የእኛን ልብስ ለብሶ ነበር፤ ከእኛ ግን ማንንም አይመስልም ነበር።

የድራማውንም የተዋናዩንም ስም አላነሣም፤ ጉዳዩ የአንድ ሰው ጥፋት አይደለምና። ባላገሩን መሳለቂያ ማድረግ በብዙ አገር የኖረ ልማድ ነው። ደግሞም ስለ ባላገር መሳቅ ሁሉ ክፉ ነው አልልም፤ ዝቋላ ላይ ስለ ከተማ ሰው የሚነገረውን ቀልድ ብትሰሙ ትስማማላችሁ። ልዩነቱ ሳቁ ከምን እንደሚመጣ ነው። ከሰውየው ፍላጎትና ከገጠመው ነገር ግጭት የሚመጣ ሳቅ ሰውየውን ወደ እኛ ያቀርበዋል። ከቅላጼውና ከልብሱ የሚመጣ ሳቅ ግን ከሰው ተራ ያስወጣዋል። በቅርብ ዓመታት በአርትስ ቴሌቪዥን የታየውን «እረኛዬ»ን ብዙ የገጠር ልጆች በፍቅር የተከታተሉት ለምን ይመስላችኋል? ቀልዱም፣ ፍቅሩም፣ ቂሙም ከገጠሩ ሰው ሕይወት ስለሚነሣ ነው።

እንግዲህ ተዋናይ ገጹን አልፎ ወደ ባሕርዩ የሚገባው በምንድን ነው? ለተማሪዎች በተግባር ላሳይ። ጋቢን እንውሰድ። በብዙ ፊልም ጋቢ ማለት «ይህ ሰው ከገጠር ነው» የሚል ምልክት ብቻ ነው። በእኛ ዘንድ ግን ጋቢና ነጠላ ይናገራሉ። ሰው በታላቅ ፊት ሲቆም ያደገድጋል። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ አጣፍቶ ይለብሳል። ሐዘን ላይ ሲሆን ጥለቱን ወደ ላይ ያዘቀዝቃል። ይህን የሚያውቅ ተዋናይ ያለ አንድ ቃል ታሪክ ሊነግረን ይችላል። ባለዕዳ ወደ አበዳሪው ቤት ሲገባ ጋቢውን ያደገድጋል እንበል፤ ጥያቄው ውድቅ ሲሆን ቀስ ብሎ ይፈታውና ትከሻው ላይ ይጥለዋል። አልተሳደበም፤ አልጮኸም፤ ነገር ግን ከዚህ በኋላ እንደማያከብረው ነግሮታል። ይህን በየትኛውም የውጭ አገር መጽሐፍ አታገኙትም፤ ከአያቶቻችሁ ቤት ነው የምትማሩት።

ሁለተኛው መሣሪያ ማዳመጥ ነው። ትንሽ ሚና ያለው ተዋናይ ከሚናገርበት ጊዜ ይልቅ የሚሰማበት ጊዜ ይበልጣል። ደካማው ተዋናይ ተራው እስኪደርስ ይጠብቃል። ጎበዙ ሲሰማ ይለወጣል፤ ዋናው ተዋናይ የተናገረው ነገር ክብደት የሚታወቀውም በእርሱ ፊት ላይ ነው። ሦስተኛው ትዝብት ነው። ይህ ሦስተኛው በአገራችን የቆየ ትምህርት ቤት አለው። የዱሮ ለቅሶ ያየ ሰው ሙሾ አውራጇን ያስታውሳታል። የሟቹ ልብስና ጠመንጃ በአደባባይ ይወጣል፤ እርሷም ሥራውን፣ ለጋስነቱን፣ ቁጣውን፣ ለማን እንደሚሳሳ ትዘረዝራለች። ልብሱና ጠመንጃው ገጽ ናቸው፤ ቃሏ ባሕርዩን ያመጣል። ለቀስተኛው የሚያለቅሰው ሰውየውን ሲያውቀው ነው። ስለዚህ ይህ ሙያ ከውጭ የመጣ እንግዳ ነው ብላችሁ አትፍሩት።

በመጨረሻ ስለ ስም ልናገር። በአሜሪካ የኦስካር ሽልማት ለረዳት ተዋንያን መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1936 ለወጡ ፊልሞች ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዋናዎቹ ተዋንያን ሐውልቱን ሲወስዱ ረዳቶቹ የሚቀበሉት ሰሌዳ ነበር፤ እኩል ሐውልት እስኪያገኙ ዓመታት አልፈዋል። በእኛም አገር በ1966 ዓ.ም. በታየው ፊልም ስም የተሰየመው የጉማ ሽልማት ለረዳት ተዋንያን ዘርፍ ከፍቷል፤ መልካም ነው። ሽልማት ግን የሚያስታውሰው በየዓመቱ ጥቂት ሰው ነው። የመድረክ ትወና መጋረጃው ሲዘጋ ያልፋል፤ የፊልሙ የስም ዝርዝር ሲወርድ እኛ ጫማችንን እየፈለግን ነን። ተዋናዩ ሲያርፍ «ያ ዘበኛ ሆኖ የሚሠራው ሰውዬ» ብለን እናዝናለን። ትወናችንን የምናጠና ሰዎች ይህን ዕዳ የምንከፍለው በአድናቆት ቃል ብቻ አይደለም፤ በጽሑፍ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የቸገራችሁ ተማሪዎች አንድ ተዋናይ ምረጡ፤ በትንንሽ ሚና ሠላሳ ዓመት የኖረ አንድ ሰው። የሠራቸውን ሚናዎች ዘርዝሩ። በሕይወት ካለ ሂዱና «ያንን ጋቢ ለምን እንደዚያ ለበስኸው?» ብላችሁ ጠይቁት። አብረውት የሠሩትን ጠይቁ። ይህ ካልተሠራ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የአገራችንን ትወና ታሪክ የሚጽፍ ሰው የሚያገኘው የዋናዎቹን ተዋንያን ፎቶግራፍ ብቻ ነው።

ለዚህ አካባቢ ልጆች ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ከእናንተ መካከል አንድ ቀን ካሜራ ፊት የሚቆም ይኖራል፤ አንድ ቀንም የዋግን ሰው ሚና ይሰጡታል። ሚናው ሁለት ገጽ ይሆናል፤ ምናልባትም ሦስት ቃል። አዘጋጁ «ትንሽ አክብድልኝ፣ ቅላጼውን ጎትትልኝ» ይልሃል፤ አዳራሹም እንደሚስቅልህ ታውቃለህ። በዚያን ጊዜ የምታውቀውን አንድ ሰው አስብ፤ አጎትህን ወይም ጎረቤትህን። ምን እንደሚያሳፍረው፣ በምን እንደሚኮራ አስብና ሦስቱን ቃል እርሱን ሆነህ ተናገር። ለሴቶች ልጆቻችንም ቃሌ ይኸው ነው፤ የሻደይን ጨዋታ በአደባባይ የምትመሩ ልጆች ሕዝብ ፊት መቆምን ማንም ሊያስተምራችሁ አያስፈልግም።

ያ ጎረቤታችን ካረፉ ቆይተዋል። ቴሌቪዥን በቤታቸው ሳይገባ፣ ሲኒማ ቤት ሳይረግጡ አለፉ። ወጋየሁ ንጋቱን በመልክ አያውቁትም ነበር፤ ስሙንም ይረሱት ነበር። አንድ ምሽት ግን በደከመ ባትሪ ድንጋይ በኩል የመጣን ሰው «አውቀዋለሁ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ትችት አንብቤአለሁ፤ ከእርሳቸው የተሻለ የትወና መለኪያ ግን አላገኘሁም።

ጥያቄ ካላችሁ ጊዜ አለን፤ አስቀድሜ ግን እኔ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ስሙን ሳታውቁ የማትረሱት ተዋናይ ማን ነው? ተነሡና ሚናውን ንገሩን፤ ስሙን አብረን እንፈልገው።